የጤና ሙያ ስታስቡ ዲግሪውን እንዴት ትመርጣላችሁ? ከሙያ ፈቃዱ ወደ ኋላ የሚቆጥር ዝርዝር መመሪያ

"ጤና ማጥናት እፈልጋለሁ" ያለ ተማሪ ቀጥሎ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው። "ሐኪም ልትሆን ነው?" አዎ ካለ ይጨበጨብለታል። አይደለም ካለ ደግሞ "ውጤትህ አልደረሰም እንዴ?" ይባላል። በመሃል ትልቁ ነገር ይዘለላል። አንድ ታካሚ ሆስፒታል ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ነርስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ፋርማሲስትና ራዲዮግራፈር እጃቸውን ያሳርፉበታል። አንዳንዴም ፊዚዮቴራፒስትና የሥነ ምግብ ባለሙያ ይጨመራሉ። ሁሉም የተማሩት ዲግሪ የተለያየ ነው። ፈተናቸው፣ ፈቃዳቸው፣ የቀን ውሏቸውም እንደዚያው።

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከዲግሪው ስም ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ሥራውን ምረጡ። ቀጥሎ ያንን ሥራ ለመሥራት የሚጠየቀውን የሙያ ፈቃድ እወቁ። ዲግሪው ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በመጨረሻ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ለዓመታት ተምሮ ከተመረቀ በኋላ ዲግሪው ለፈቃድ ፈተና እንኳ እንደማያስቀምጠው የሚሰማ ሰው ጥቂት አይደለም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ውሎውን ምረጡ

"ሰው መርዳት እወዳለሁ" የሚለው መልስ ለመምረጥ አያግዝም። የትኛውም የጤና ሙያ ሰው ይረዳል። ቁም ነገሩ በምን ዓይነት ውሎ የሚለው ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና ለራሳችሁ በሐቅ መልሱ።

ከታካሚ ጋር ምን ያህል ጊዜ ማሳለፍ ትፈልጋላችሁ? ነርስ ሙሉ ፈረቃዋን ከታካሚው አጠገብ ናት። መድኃኒት ትሰጣለች፣ ግፊትና ሙቀት ትለካለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ የደነገጠ ቤተሰብ ታረጋጋለች። የታካሚው ሁኔታ ሲለወጥም ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታየው እሷ ናት። ተኝቶ ለሚታከም ሰው ሐኪሙ ራውንድ ሲወጣ ይመጣል፣ ያያል፣ ይወስናል፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። ራዲዮግራፈር አንድን ሰው የሚያገኘው ምስሉ ተነስቶ እስኪያልቅ ነው፤ በቀን ብዙ ሰው ያያል፣ አንዱንም ግን በቅጡ አያውቀውም። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናሙናውን እንጂ ባለቤቱን ጨርሶ ላያየው ይችላል። ፊዚዮቴራፒስት ደግሞ አንድን ሰው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይዞ ይከርማል። ስትሮክ የመታው ሰው እጁን እንደገና ማንሳት ሲጀምር አጠገቡ የሚገኘው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ራሳቸውን ይሸውዳሉ። ከሰው ጋር ሲያወራ ቶሎ የሚደክመው ልጅ "ደግ ነኝ" ብሎ ነርሲንግ ይገባል። ደግ መሆንና አሥራ ሁለት ሰዓት ከሰው ጋር መዋል ግን አንድ አይደሉም። ዝምተኛና ለጥቃቅን ነገር የሚጠነቀቅ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ሕይወት ያተርፋል። የደም ዓይነት በስህተት ቢመዘገብ ምን እንደሚከተል አስቡት። ያ ጥንቃቄም ለሰው መጨነቅ ነው፤ ጭብጨባ ስለሌለው ብቻ አያንስም።

ቀጥሎ ሌሊት። ሆስፒታል አይዘጋም። ነርሶች፣ አዋላጆችና ሐኪሞች የሌሊት ተራ አለባቸው፤ ላቦራቶሪና ራዲዮሎጂም ለአስቸኳይ ሥራ ሌሊት ሰው ይፈልጋሉ። መደበኛ የቀን ሥራ ከፈለጋችሁ የጥርስ ሕክምና፣ ኦፕቶሜትሪ (የእይታ ምርመራ)፣ የሥነ ምግብ፣ የሕብረተሰብ ጤናና የተመላላሽ ፊዚዮቴራፒ ይቀርባሉ። "ልጅ ነኝ፣ እችለዋለሁ" ብቻ አትበሉ። ሙያው ከአርባ ዓመት በላይ አብሯችሁ ሊኖር ነው።

ደምና ቁስልስ? መጀመሪያ ቀን ኦፕሬሽን ክፍል ገብቶ ራሱን የሚስት ተማሪ ብርቅ አይደለም። አብዛኛው ይለምደዋል። ስለዚህ ደም ያስፈራኛል ብላችሁ ገና ከበሩ አትመለሱ። ከደሙ ይልቅ መጥፎ ዜና ለቤተሰብ መንገርና የሞተ ሰው አጠገብ መቆም ነው ሰውን ቆይቶ የሚያደክመው። በጎን ደግሞ አብዛኛው ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ ውሳኔ። በግማሽ መረጃ፣ በጥድፊያ መወሰን ያስጨንቃችኋል ወይስ ያነቃችኋል? የድንገተኛ ክፍል ሐኪምና በማዋለጃ ክፍል ያለች አዋላጅ በየቀኑ የሚያደርጉት ይህንን ነው። ጊዜ ወስዶ፣ መጽሐፍ ገልጦ፣ ቁጥር አመሳክሮ መወሰን የሚመቸው ሰው ፋርማሲን ወይም ኤፒዲሚዮሎጂን (በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠናውን መስክ) ይመልከት።

ደረጃ 2፦ በሩ ስንት እንደሆነ እወቁ

ብዙ ተማሪ የሚያውቀው ሦስት ወይም አራት ሙያ ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን ሳያይ ይመርጣል። እስቲ አንድ ዙር እንሂድ።

ሜዲስን ረጅሙ መንገድ ነው። ዲግሪው መጨረሻው ሳይሆን መነሻው ነው፤ ስፔሻሊስት ለመሆን ሌላ ዓመታት ይጠብቃሉ። ቀዶ ሕክምናን ብቻ ወዶ የሚገባ ተማሪም የሕፃናቱንም፣ የማህፀንና ፅንሱንም፣ የአእምሮ ሕክምናውንም ማለፍ አለበት። የጥርስ ሕክምና የእጅ ሥራ ለሚወዱ ነው። በጠባብ ቦታ፣ በጥቃቅን መሣሪያ፣ አንገት ደፍቶ የሚሠራ። ብዙ ጊዜ ያለ ስፔሻሊቲ በቀጥታ ሥራ ያስገባል።

ነርሲንግ በሩ ከሁሉም ሰፊ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ወደ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች ነበሩ። ከጤና ባለሙያዎች ትልቁ ክፍል እነሱ ናቸው። ትልቁ ጥቅሙ ዲግሪ ሳይቀይሩ የሥራ ቦታ መቀየር መቻሉ ነው። ዛሬ ድንገተኛ ክፍል የሠራ ነገ ሕፃናት ክፍል፣ ከዚያ ማስተማር፣ ከዚያ አስተዳደር ሊገባ ይችላል። ታካሚ ጋር መዋል ይወዳል፣ ግን የትኛው ክፍል እንደሚስበው ገና አላወቀም ለሚባል ሰው፣ እኔ መጀመሪያ እዩት የምለው ነርሲንግን ነው።

አዋላጅነት በብዙ አገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የዓለም አቀፉ የአዋላጆች ኮንፌዴሬሽን መስፈርት በቀጥታ ለሚገባ ተማሪ ቢያንስ 36 ወር፣ ነርስ ሆኖ ለሚጨምር ቢያንስ 18 ወር ሥልጠና ይላል። ሥራው በአብዛኛው ከጤነኛ ሴቶች ጋር ነው፤ ከሌላው የሆስፒታል ሥራ የሚለየው በዚህ ነው። ነገር ግን የደም መፍሰስ ሲመጣ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው።

ፋርማሲ መድኃኒት ማደል ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ያለ ክሊኒካል ፋርማሲስት የኩላሊት ሕመምተኛ መጠን ስንት ይሁን፣ ይህ መድኃኒት ከዚያኛው ጋር ይጣላ እንደሆነ የሚፈትሽ ነው። ፋብሪካና የመድኃኒት ቁጥጥርም አለ። ኬሚስትሪ የሚጠላ ሰው ግን አይሞክረው። ሜዲካል ላቦራቶሪ የደም፣ የባክቴሪያ፣ የኬሚስትሪና የደም ባንክ ሥራን ይይዛል። ራዲዮግራፊ ደግሞ ኤክስሬይ፣ ሲቲና ኤምአርአይ ነው፤ ከባዮሎጂ ጎን ፊዚክስ ይፈልጋል።

የማገገሚያ ሙያዎች የሚረሱ ናቸው። ፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴን ይመልሳል። ኦክዩፔሽናል ቴራፒ ደግሞ ሰውየው መልበስ፣ መታጠብ፣ ወደ ሥራው መመለስ እንዲችል ይሠራል። የንግግርና ቋንቋ ቴራፒስት ንግግር ብቻ የሚያክም ይመስላል፤ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ግን መዋጥ ያቃተውን ሰው ማከም ነው።

የሰመመን ሥራ፣ ማለትም ታካሚን ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዝ፣ እንደ አገሩ ይለያያል። አንዱ ጋ የሐኪም ስፔሻሊቲ ብቻ ነው፤ ሌላው ጋ ነርስ ተጨማሪ ሠልጥኖ ይሠራዋል፤ ሌላ ቦታ ራሱን የቻለ ዲግሪ አለው። ዝም ብሎ ከኢንተርኔት ያነበበ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው።

የሕብረተሰብ ጤና አንድ ሰው አልጋ ላይ አስተኝቶ አያክምም። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤት ካርታ ላይ እያኖረ ሄዶ አንድ የውሃ ቧንቧ ላይ ደረሰ። የቧንቧው እጀታ እንዲነሳ አደረገ። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያስደስተው ሰው ስቴቶስኮፕ ባይዝም ጤና ውስጥ ቦታ አለው። በመጨረሻም ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግና የጤና መረጃ ሥርዓት አሉ። ለማሽንና ለዳታ ልቡ የሚያደላ ሰው እነሱን ይይ።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ሙያ ብቻ አስቀሩ። ከሦስት በላይ ከያዛችሁ የሚቀጥለውን ደረጃ በወጉ አትሠሩትም።

ደረጃ 3፦ ከፈቃዱ ወደ ኋላ ቁጠሩ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። ታካሚ ለመንካት ዲግሪ ብቻውን አይበቃም። ከዲግሪው በኋላ የሚመዘግባችሁና ፈቃድ የሚሰጣችሁ አካል አለ። እሱ የማይቀበለው ዲግሪ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ነው።

ስለዚህ ለሦስቱም ሙያዎች መሥራት የምትፈልጉበት አገር ፈቃድ ሰጪ ማን እንደሆነ ፈልጉ። አንዳንድ አገር ሁሉም በአንድ መሥሪያ ቤት ነው። ሌላ ቦታ ይከፋፈላል። ለምሳሌ በዩናይትድ ኪንግደም ሐኪሞችን የሚመዘግበው አንድ ምክር ቤት ነው፣ ነርሶችንና አዋላጆችን ሌላ፣ ፊዚዮቴራፒስትና ራዲዮግራፈርን ደግሞ ሌላ። በአሜሪካ ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው። ካገኛችሁት በኋላ ለእያንዳንዱ ሙያ አራት ነገር በጽሑፍ አስፍሩ።

አንደኛ፣ ሙያው በሕግ ፈቃድ ይጠይቃል ወይ? ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስትና የጥርስ ሐኪም አብዛኛው ቦታ ይጠየቃሉ። የሕብረተሰብ ጤናና የጤና አስተዳደር ብዙ ጊዜ አይጠየቁም። ያኔ ሚዛኑ ወደ ልምድና ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ያዘነብላል።

ሁለተኛ፣ ለፈቃድ የትኛውን ዲግሪ፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት ይቀበላሉ? ብዙዎቹ የተቀበሏቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር ያወጣሉ። ዩኒቨርሲቲው ስሙ ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ ያ ፕሮግራም ግን ዝርዝሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል። የሚታየው የፕሮግራሙ ስም ነው።

ሦስተኛ፣ ከተመረቅሁ በኋላ ምን ይቀረኛል? የአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ? የብቃት ምዘና ፈተና? ክትትል የሚደረግበት ሥራ?

አራተኛ፣ ፈቃዱ ምን ያሠራኛል? ተመሳሳይ ስም ያለው ሙያ እዚህ መድኃኒት ያዛል፣ እዚያ አያዝም። አንዳንድ አገር ፋርማሲስት ክትባት ይወጋል፤ ሌላው ጋ አይፈቀድለትም። እንዲህ ዓይነቱ ልዩነት የዕለት ተዕለት ሥራችሁን ይለውጠዋል።

ይህን ስትሠሩ ደስ የሚልም ነገር ታገኛላችሁ። አንዳንዴ ወደ አንድ ፈቃድ የሚያደርስ መንገድ ከአንድ በላይ ነው። በአሜሪካ የሁለት ዓመት ገደማ የኮሌጅ ፕሮግራም የጨረሰና የአራት ዓመት ዲግሪ የያዘ ነርስ የሚፈተኑት ኤንክሌክስ የሚባለውን ያንኑ ፈተና ነው። ፈቃዱም አንድ ነው። ልዩነቱ ቆይቶ ይመጣል። ብዙ ሆስፒታል ባለ ዲግሪውን ይመርጣል፣ ሁለተኛ ዲግሪ ለመቀጠልም ያኛው ይቀላል። ገንዘብ ያጠረው ሰው አጭሩን ጀምሮ እየሠራ መጨመር ይችላል። ይህንን አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ዕዳ ያስቀራል።

ደረጃ 4፦ የሚመሳሰሉ ስሞች እንዳያታልሏችሁ

ተማሪ የሚሸወደው እዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለፕሮግራሞቻቸው ማራኪ ስም ይሰጣሉ፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ተማሪ ፎቶም ይለጥፋሉ። ፎቶው ፈቃድ አይደለም።

ፋርማኮሎጂና ፋርማሲ። ፋርማኮሎጂ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚያጠና ሳይንስ ነው። ጥሩ የምርምር መስክ ነው። የፋርማኮሎጂ ምሩቅ ግን ፋርማሲስት አይደለም፤ ፋርማሲ ከፍቶ መድኃኒት ማደል አይችልም።

ባዮሜዲካል ሳይንስና ሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ። ይህ ከሁሉም ያስቸግራል፤ እንደ አገሩ ይገለባበጣልና። በዩናይትድ ኪንግደም ባዮሜዲካል ሳይንቲስት የሚባለው የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ግን ዲግሪው እውቅና ያለው ካልሆነ ተመራቂው ለመመዝገብ ተጨማሪ ትምህርት ይጠየቃል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ባዮሜዲካል ሳይንስ ብዙ ጊዜ አጠቃላይ የሳይንስ ዲግሪ ነው፤ ለሆስፒታል ላቦራቶሪ የሚያዘጋጀው ሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ የሚባለው ነው።

ሳይኮሎጂስትና ሳይካትሪስት። ሳይካትሪስት መጀመሪያ ሜዲስን ተምሮ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በሌላ መንገድ ነው የሚመጣው። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ይዞ ታካሚ ማከም ደግሞ ብዙ ቦታ አይቻልም፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ዶክትሬት ይጠየቃል። ስለዚህ በሳይኮሎጂ የምትገቡ ከሆነ ከመነሻው ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በላይ አስቡ።

ራዲዮሎጂስትም ሐኪም ነው፤ ምስሉን አንብቦ ሪፖርት ይጽፋል። ራዲዮግራፈር ምስሉን ያነሳል። ኦፍታልሞሎጂስት ዓይን የሚያክምና ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ነው። ኦፕቶሜትሪስት ደግሞ በዋናነት እይታን ይመረምራል፣ መነጽር ያዛል። ዲየቲሽያን የሚለው ስም በዩናይትድ ኪንግደም በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ኒውትሪሽኒስት የሚለው ግን አይደለም። በኒውትሪሽን ዲግሪ የያዘ ሁሉ ሆስፒታል ውስጥ ለታካሚ የአመጋገብ ሕክምና ይሰጣል ማለት አይደለም።

አንድ የመጨረሻ ስም፦ ፕሪ ሜድ። በአሜሪካ ሜዲስን የሚገባው ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ከያዙ በኋላ ነው። ፕሪ ሜድ የሚባለው ዝግጅት ነው፤ በአብዛኛው ቦታ ዲግሪ አይደለም። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከወሰዳችሁ ዲግሪያችሁ በታሪክም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የግሌን ልናገር። የሜዲስን መግቢያው ባይሳካ የባዮሎጂ ዲግሪ ብቻውን ፈቃድ ወዳለው ሙያ አያስገባም። ሥጋት ያለበት ሰው በራሱ ሥራ የሚያስይዝ ዲግሪ፣ ለምሳሌ ሜዲካል ላቦራቶሪ፣ ይዞ ኮርሶቹን ቢጨምር እንቅልፉን ይተኛል።

ደረጃ 5፦ እውነተኛውን ዓመት ቁጠሩ

ብሮሹር ላይ የተጻፈው ዓመት የትምህርቱ እንጂ የሙያው አይደለም። ቁጥሩ እስከ መጀመሪያው ሙሉ ደመወዝ ድረስ ይቆጠር።

ሜዲስንን እንይ። በአሜሪካ መደበኛው አራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከዚያ እንደ ስፔሻሊቲው ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ሬዚደንሲ (ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚወሰድ የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ነው። በዩናይትድ ኪንግደም ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ይገባል። አምስት ወይም ስድስት ዓመት ትምህርት፣ ሁለት ዓመት መነሻ ሥልጠና፣ ከዚያ ስፔሻሊቲ። በጀርመን ስድስት ዓመት ሲሆን የሚጠናቀቀው በመንግሥት ፈተና ነው። ሬዚደንት ደመወዝ አለው፤ ግን ሰዓቱ ከባድ ነው።

ሌሎቹም ከአገር አገር ይለያያሉ። ፊዚዮቴራፒ በእንግሊዝ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ በቂ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚወሰድ፣ ሦስት ዓመት ገደማ የሚፈጅ የሙያ ዶክትሬት ነው። ፋርማሲ በዩናይትድ ኪንግደም አራት ዓመት ተምሮ አንድ ዓመት በሥራ ላይ መሠልጠን ነው። የነርሲንግ ዲግሪን በተመለከተ የአውሮፓ ህብረት ሕግ ቢያንስ ሦስት ዓመትና 4,600 ሰዓት ይላል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ታካሚ ባለበት የሚሰጥ ሥልጠና መሆን አለበት።

ያቺን የመጨረሻዋን ቁጥር ልብ በሉ። የነርሲንግ ትምህርት ግማሹ ታካሚ ባለበት ነው። ያ ጊዜ ብዙ ቦታ ደመወዝ የለውም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚይዝም በጎን ሥራ ሠርቶ መማር ያስቸግራል። ትራንስፖርቱ፣ ዩኒፎርሙ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱ፣ የፈተናና የምዝገባ ክፍያው ሁሉ ከትምህርት ክፍያው ውጪ ነው። በጀት ስታወጡ እነዚህን ጨምሩ። "እየሠራሁ እማራለሁ" ያለ ሰው ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ እንዴት እንደሚሆን አሁኑኑ ያስብበት።

ደረጃ 6፦ ሥራ አለ ወይ? በሚለው አትሸወዱ

የዓለም የጤና ድርጅት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ በዓለም ላይ ወደ 11 ሚሊዮን የጤና ባለሙያ እጥረት እንደሚኖር ይተነብያል። ይህን የሰማ ሰው "እንግዲያው ጤና የተማረ ሥራ አያጣም" ይላል። ነገሩ እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም። እጥረት ማለት የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር ነው። ቅጥር ደግሞ በጀት ነው። ባለሙያ የሚያስፈልገው፣ ግን የሚቀጥርበት ገንዘብ የሌለው አገር ሞልቷል። ስለዚህ ሆስፒታሎች ወረፋ ተጨናንቀው ተመራቂዎች ቤታቸው የሚቀመጡበት ጊዜ አለ።

የሚሻለው ማስታወቂያ ማንበብ ነው። ያለፉትን ጥቂት ወራት የሥራ ማስታወቂያዎች ሰብስቡና ሦስት ነገር አውጡ፦ የትኛው ዲግሪ በስሙ ተጠርቷል? ስንት ዓመት ልምድ ይጠይቃል? ዜሮ ዓመት የሚቀበል ስንት ነው? ማስታወቂያው ሁሉ ሁለት ዓመት ልምድ የሚል ከሆነ ተመራቂዎቹ ያንን ልምድ ከየት እንዳገኙት ጠይቁ።

ማሽን ሥራዬን ይወስደዋል የሚል ፍርሃትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ታዋቂው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ጄፍሪ ሂንተን ራዲዮሎጂስት ማሠልጠን ከአሁኑ ይቁም ብሎ ነበር። በኋላ ኖቤል የተሸለመ ሰው ነው፤ ቀላል ሰው አይደለም። ራዲዮሎጂስት ግን ዛሬም ይፈለጋል፤ ማሽኑ አጋዥ ሆኖ ገባ። ስለዚህ ዲግሪ ስትመርጡ በትንቢት አትሩጡ። ይልቅ ፕሮግራሙ ዳታና አዳዲስ መሣሪያ ያስተምር እንደሆነ እዩ።

ደረጃ 7፦ ሳታመለክቱ ሥራውን እዩት

ከሦስቱ ሙያዎች ለእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ የሚሠራበት ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ከተቻለ በፈቃድ አንድ ቀን አብራችሁ ዋሉ። ካልተቻለ አጠር ያለ የስልክ ወሬም ይበቃል። አዲስ ተመራቂና ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ የሚነግሯችሁ ይለያያል።

"ሥራው እንዴት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ያው፣ ጥሩ ነው" ይሏችኋል፣ አለቀ። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ ትናንት ከገቡበት ሰዓት ጀምሮ ምን ምን ሠሩ? ጊዜዎትን በጣም የሚበላው የትኛው ሥራ ነው? አብረውዎት ከተመረቁት ውስጥ ሙያውን የለቀቁት ለምን ለቀቁ? እንደገና ቢጀምሩ ያንኑ ዲግሪ ይመርጣሉ? የመጨረሻዋ ላይ ዝም የሚሉበትን ጊዜም አዳምጡ። ብዙ ባለሙያ ቀኑን የሚበላበት የካርድና የሪፖርት ጽሑፍ መሆኑን ስትሰሙ ትገረማላችሁ። ማንም ብሮሹር ላይ አይጽፈውም።

ደረጃ 8፦ ትምህርት ቤቱን ፈትሹ

አሁን ነው ዩኒቨርሲቲው የሚመጣው። መጀመሪያ እውቅናውን። ዩኒቨርሲቲው እውቅና አለው ማለት ፕሮግራሙ አለው ማለት አይደለም፤ ሁለቱንም ለየብቻ፣ ከሚሰጠው አካል ዘንድ አረጋግጡ። የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ አትመኑ። "በሂደት ላይ ነው" የሚል መልስ ካገኛችሁ ሂደቱ ባያልቅ የተመረቁ ልጆች ምን እንደሚሆኑ በጽሑፍ ጠይቁ። ለሜዲስን ደግሞ የዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ አለ። እዚያ መኖር ጠቃሚ ነው፤ እውቅና ማለት ግን አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ማስታወቂያ ካያችሁ ጠርጥሩ።

ቀጥሎ የልምምዱ ቦታ። የትኛው ሆስፒታል ነው የሚወጡት? በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ አንድ አልጋ ይከባል? የአዋላጅነት ተማሪ ከመመረቋ በፊት ስንት ወሊድ በራሷ እጅ ታዋልዳለች? ሕንፃው ቢያምር፣ ላፕቶፕ ቢታደል፣ በእጃችሁ ካልሠራችሁበት ዋጋ የለውም። ይህንን ከቢሮው ይልቅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይነግራችኋል።

ያለፉት ዓመታት ተመራቂዎች የፈቃድ ፈተናን ስንት በመቶ አለፉ? ብዙ አገር ይህ ቁጥር ይታወቃል። መልሱን የሚደብቅ ትምህርት ቤት መልስ ሰጥቷል።

የመግቢያ መስፈርትም እዩ። ከውጤት ሌላ የጤና ምርመራ፣ የክትባት ማስረጃና የወንጀል ነፃ ማስረጃ የሚጠይቁ አሉ። አንዳንድ ቦታ ለላቦራቶሪ ሥራ ቀለም የመለየት ምርመራ ይደረጋል። ከገቡ በኋላ ከመስማት በፊት መስማት ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ሌላ አገር ልሠራበት ነው ለምትሉ

ያኔ ፈቃዱ የሚቆጠረው ከምትሄዱበት አገር ነው። ነርስ ሆኖ አሜሪካ መሥራት የሚፈልግ ኤንክሌክስን ማለፍ አለበት። ሐኪም ሆኖ የሚሄድ ዩኤስኤምኤልኢ የሚባሉትን ፈተናዎች አልፎ ሬዚደንሲውን እዚያው እንደገና ይሠራል፤ በአገሩ ስፔሻሊስት የነበረም ቢሆን በአብዛኛው አይቀርለትም። የቋንቋ ፈተና፣ እንደ አይኤልትስ ወይም ለጤና ባለሙያ የተዘጋጀው ኦኢቲ፣ ይጨመራል።

ነርሲንግ በብዙ አገር ከሚፈለጉት ውስጥ ነው። ፋርማሲና የጥርስ ሕክምና ደግሞ ብዙ ጊዜ ረጅም የማሟያ መንገድ አላቸው። ገና ስትማሩ አንድ ነገር አድርጉ፦ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር ይዘትና የልምምድ ሰዓት የያዘ ወረቀት በማህተም ሰብስቡ። ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ ማግኘት ራስ ምታት ነው።

ደረጃ 10፦ ምርጫችሁን በቅደም ተከተል አስቀምጡ

ሁለተኛው ምርጫችሁ የመጀመሪያው ርካሽ ቅጂ አይሁን። ሜዲስን ያልደረሰው ሁሉ "እንግዲህ ነርሲንግ" ይላል። ሜዲስንን የወደዳችሁት ለምን ነበር? ምርመራውንና እንቆቅልሹን ከሆነ ላቦራቶሪ ይቀርባችኋል። እጃችሁ መሥራቱን ከሆነ የጥርስ ሕክምና ወይም ፊዚዮቴራፒ። ሰው ጋር መሆኑን ከሆነ፣ አዎ፣ ነርሲንግ። ስሙንና ክብሩን ብቻ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ሁለተኛ ምርጫ አይሞላውም፤ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

"ነርሲንግ ገብቼ ወደ ሜዲስን እሻገራለሁ" የሚል ዕቅድ ያላችሁ ተጠንቀቁ። ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ የአራት ዓመት ሜዲስን በዩናይትድ ኪንግደም፣ በአየርላንድና በአውስትራሊያ አለ። ፉክክሩ ግን ከባድ ነው፤ የነርሲንጉ ኮርስም ብዙ ጊዜ ዓመት አያሳጥርም። ነርስ ሆናችሁ ብትቀሩ የማይከፋችሁ ከሆነ ብቻ ግቡበት።

ገብታችሁ እየተማራችሁ "ተሳሳትኩ" የምትሉም አላችሁ። መጀመሪያው ዓመት ላይ ከሆናችሁ አብዛኛው ኮርስ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ኬሚስትሪ ስለሆነ መቀየር የሚያስከፍለው ትንሽ ነው። ሬጅስትራር ሄዳችሁ የትኛው ኮርስ ወደየትኛው ፕሮግራም እንደሚቆጠርላችሁ በጽሑፍ አስነግሩ። ሦስተኛ ዓመት ከደረሳችሁና የቀራችሁ ጥቂት ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጨርሶ፣ ፈቃዱን ይዞ፣ በሁለተኛ ዲግሪ መታጠፍ ያዋጣል። ነርስ ሆኖ በሕብረተሰብ ጤና፣ ፋርማሲስት ሆኖ በመድኃኒት ቁጥጥር፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኖ በኤፒዲሚዮሎጂ የሚቀጥል ብዙ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ግን የጠላችሁት ዲግሪውን ነው ወይስ አንድ ክፍልና አንድ አስተማሪ ነው የሚለውን ለዩ። ሌላ ዋርድ ሲቀየሩ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ተማሪዎች አሉ፤ የሚቀጥለው አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) እስኪያልቅ ፎርሙን ባትሞሉ ምንም አይጎድላችሁም።